በማን ወጣ?

ላፍቶ ግማሹ ሰፈር፣ ግማሹ እርሻ በነበረበት ዘመን የሕፃን ዘር የሚመረመረው አራስ ቤት ነበር። ልትጠይቅ የመጣችው ሴት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ትገባለች፤ ገንፎዋን ከቅቤው እያጠቀሰች ትበላለች፤ እጇን ትታጠብና ሕፃኑን ከእናቱ ጎን አንስታ ወደ በሩ ብርሃን ታዞረዋለች። ግንባሩን አይታ፣ የጆሮውን ጫፍ ዳስሳ፣ የእግሩን ጣቶች አንድ በአንድ ዘርግታ ስትጨርስ ፍርዷን ትሰጣለች። «አፍንጫው ቁርጥ አባቱ ነው። ይቺ ጣት ግን የአባትሽ ናት፤ ከአውራ ጣቱ በልጣ አታይያትም? እሳቸውንም ጫማ የሚያስቸግራቸው በዚህችው ነበር።» ሌላዋ ትቀበልና «ቆይ፣ ገና ነው፤ የሕፃን መልክ እስከ ክርስትናው ስንቴ ይለዋወጣል!» ትላለች። ክርክሩ አቦሉ ተጠጥቶ በረካው እስኪደርስ አይቆምም።

እነዚያ ሴቶች ዘረመል የሚባል ነገር ሰምተው አያውቁም። ሆኖም መልክ ከአንድ ሰው ተጠቅልሎ እንደማይመጣ ያውቁ ነበር። አንዱ በአያቱ ይወጣል፣ ሌላው በአጎቱ፤ አንዷ ዓይኗን ከአባቷ፣ አረማመዷን ከአክስቷ፣ ቁጣዋን ደግሞ ማንም በዓይኑ ካላየው ቅድመ አያቷ ትወስዳለች። ነገሩ ትውልድ ዘልሎ ሲመጣም አይደነግጡም፤ «ዘር ከልጓም ይስባል» ብለው ያልፉታል። የልጁን አያት ከነወጣትነታቸው የሚያውቁ፣ የእናቲቱን አክስት ሰርግ የበሉ ሴቶች ስለነበሩ መዝገቡ በራሳቸው ውስጥ ነበር።

ዛሬ ላፍቶ አስፋልትና ፎቅ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጅ ሲወለድ ፎቶው በቴሌግራም ይመጣል። ከሥሩ ልብ ይደረደራል፤ «ሲያምር»፣ «ያሳድግላችሁ» ይጻፋል። በማን ወጣ የሚለው ጥያቄ ግን እየጠፋ ነው፤ የሚመልሰው የለማ! ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤት የልጁን አባት እንኳ የሚያውቀው ደረጃ ላይ ሲተላለፉ ነው። አንድ ወጣት አባት ፎቶ የሚያነጻጽር የስልክ መተግበሪያ አሳይቶኛል፤ ሕፃኑ ምን ያህል እናቱን፣ ምን ያህል አባቱን እንደሚመስል በመቶኛ ይናገራል። «አያቶቹስ?» አልኩት። «አያት የሚገባበት ቦታ የለውም» አለኝ።

እኛ ተማሪዎች የሴቶቹን ፍርድ መናቅ የጀመርነው ሁለተኛ ደረጃ ስንገባ ነው። የባዮሎጂ መምህራችን በጠመኔ አራት ማዕዘን ያሰምርና ለአራት ከፍሎ ትልቁንና ትንሹን ፊደል እያጣመረ ይሞላዋል። ጎርጎር ሜንዴል የሚባል መነኩሴ አተር አዳቅሎ እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመው ሕግ ነው፦ ጎልቶ የሚወጣው ዶሚናንት፣ ተደብቆ የሚቆየው ሪሴሲቭ፣ ውጤቱ ሦስት ለአንድ። ጥርት ያለ ነገር! ከዚያ መምህሩ «ምላሱን ጠቅልሎ ማሳየት የሚችል?» ሲል ክፍሉ በሙሉ ምላሱን አወጣ። ያን ዓመት እንደዚያ የተደሰትንበት ትምህርት ትዝ አይለኝም። ቤት ገብቼ ምላስ መጠቅለል በአንድ ዶሚናንት ዘረመል እንደሚወረስ ለአያቴ ሳስረዳቸው ጥጣቸውን እየፈተሉ በትዕግሥት ሰሙኝ። «እሺ፣ ምላሱ ተጠቀለለ» አሉ በመጨረሻ፤ «ከዚያ ምን ይሠራበታል?»

የዚያን ምላስ ታሪክ ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1940 ያቀረበው አሜሪካዊው የዘረመል ሊቅ አልፍሬድ ስተርተቫንት ነበር። በ1952 ሌላ ተመራማሪ መንትዮችን ሲመለከት፣ ከአንድ ዕንቁላል ከተገኙት መካከል እንኳ አንዱ ምላሱን የሚጠቀልል ሌላው የማይችል ሆነው አገኘ፤ ዘረመላቸው አንድ ሆኖ ምላሳቸው ተለያየ። ስተርተቫንት ራሱ በ1965 ነገሩ እንደ ተረጋገጠ ሕግ በመጻሕፍት ሲጠቀስ ማየት እንደሚያሳፍረው ጻፈ። መምህራችን እኛን ምላስ ሲያስወጣን የሐሳቡ ባለቤት ከተወው ቆይቶ ነበር ማለት ነው። የሜንዴል አተር ዛሬም ትክክል ነው። ሰው ከወላጆቹ ከሚወርሰው ግን አብዛኛው በዚያ አራት ማዕዘን ውስጥ አልገባ ብሏል።

የበርበሬ ሰሞን ደርሶ ዛላው ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ ሲሰጣ፣ ያልቀላውን መልቀም የልጆች ሥራ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ሁልጊዜ ያበላሻል፤ አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ይደባልቃል፣ ደህናውን አንስቶ ይጥላል። ልቡ ጨዋታ ላይ ነው ተብሎ ቁንጥጫውን ይቀምሳል። አንድ ቀን ጎረቤታችን እማማ የቆንጣጯን እጅ ይዘው አስቆሙ። «ተዪው፤ የእናቱ ወንድምም እንዲሁ ነበር። ቀይ ክር ግዛ ተብሎ ተልኮ አረንጓዴ ይዞ የመጣው እሱ አይደለም እንዴ? የእናታቸውም አባት እንደዚያው ነበሩ። ልጁ በአጎቱ ወጥቶ ነው።»

ያ ልጅ አድጎ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ሲሄድ ባለ ነጥብ ሥዕል አሳዩት፤ ሌላው ሰው ቁጥር የሚያነብበት ላይ እሱ ነጥብ ብቻ አየ። ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ እ.ኤ.አ. በ1917 ያዘጋጀው መፈተኛ ነው። ቀይን ከአረንጓዴ የሚያስለየው ዘረመል የተቀመጠው ኤክስ በተባለው ክሮሞሶም ላይ ነው። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢጎድል ሌላው ይሸፍንላታል፤ ወንድ ያለው አንድ ሲሆን እሱንም የሚያገኘው ከእናቱ ነው። ስለዚህ ሴት አያት ከአባታቸው ያገኙትን ሳይታይባቸው ለወንድም ለሴትም ልጃቸው ያወርሳሉ፣ ሴቷም ሳይታይባት ለወንድ ልጇ ታስተላልፋለች፣ ልጁና የእናቱ ወንድም በአንድ ቀለም ይሳሳታሉ። እማማ ሰሌኑ አጠገብ ቆመው የተናገሩት ይህንኑ ነበር፤ የጎደላቸው ኤክስ የሚለው ፊደል ብቻ ነው። ሰውዬው ዛሬ ለነገሩ ስም አግኝቶለታል። ቁንጥጫውን ግን የመለሰለት የለም።

የአራስ ቤቱ ችሎት ሁልጊዜ ደግ አልነበረም። ሰፈራችን ለሰው መልክ ብዙ ደረጃ ያውቃል፤ ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ ጠይም፣ ጥቁር። ከቀይና ከጥቁር የተወለደ ልጅ ጠይም ቢሆን ማንም አይገረምም። ከሁለት ቀዮች ጠቆር ያለ ልጅ ሲወለድ ግን ሴቶቹ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። «በማን ወጣ?» የሚለው ጥያቄ ድምፁ ይለወጣል። አማት ዝም ይላሉ፣ ባል ያኮርፋል። «የአባቱ አክስት እንዲህ ነበሩ» የሚል አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ከተገኘ እፎይ ይባላል፤ ካልተገኘ እናትየው ሐሜቱን ተሸክማ ልጇን ታሳድጋለች።

ከኢትዮጵያ፣ ከታንዛኒያና ከቦትስዋና በተውጣጡ ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ለዚያች እናት ዘግይቶ የደረሰ ምስክር ነው። የቆዳ ቀለም በአንድ ዘረመል አይወሰንም፤ ብዙዎቹ ጥቂት ጥቂት እያዋጡ ይሠሩታል። በአውሮፓውያን ዘንድ ቆዳን ከሚያቀሉት ዋነኛው በኢትዮጵያውያንም ዘንድ በብዛት ይገኛል፤ ከጎኑ የሚያጠቁሩትም አሉ። ሁለት ቀይ ወላጆች እያንዳንዳቸው የያዙትን ጥቂት ጥቁረት አንድ ልጅ ላይ ቢያዋጡት ልጁ ከሁለቱም ይጠቁራል። በሰፈራችን ቀይ ዳማ፣ ጠይም እያለ የሚሰፈረው ደረጃ ከክፍላችን አራት ማዕዘን ይልቅ ለእውነቱ ይቀርብ ነበር ማለት ነው። መሰላሉን የሠሩት ሰዎች ግን አንዱ ልጅ ሁለት እርከን ሲወርድባቸው ደነገጡ።

ጥርጣሬው በዚያው ዘመን አልቀረም፤ ዛሬ ላቦራቶሪ ገብቷል። የማውቀው አንድ ባል የእሱ ደም ኤ፣ የሚስቱ ቢ፣ የልጃቸው ኦ ሆኖ ሲወጣ ፊቱ ተለዋወጠ። «ኦ ከየት መጣ?» አለ፤ የቀረውን ዓይኑ ጨረሰው። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ የውጤት ወረቀቱን ገልብጣ ከጀርባው አራት ማዕዘን አሰመረች። ኤ እና ቢ አንዱ ሌላውን አይሸፍኑም፣ ሲገናኙ ሁለቱም ጎልተው ኤቢ ይሆናሉ፤ ኦ ግን ከኤም ከቢም ሥር ተደብቃ ትኖራለች። ካርል ላንድስታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 የደም ዓይነቶችን ለይቶ ካሳወቀ በኋላ ሦስቱ እንዴት እንደሚወረሱ ፌሊክስ በርንስታይን በ1924 አስረድቷል። ባልየው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ይቅርታ ሲጠይቅ ግን አልሰማሁም። እርግጥ ደም በሌላው ዓለምም በቀላሉ አልታመነም። በቻርሊ ቻፕሊን ላይ በቀረበው የአባትነት ክስ እሱ ኦ፣ እናትየው ኤ፣ ልጅቷ ቢ ሆነው አባት ሊሆን እንደማይችል ቢረጋገጥም የአሜሪካ ፍርድ ቤት በ1945 አባት ነህ ብሎ ፈርዶበታል።

ለጋብቻ ሲሆን ምርመራው ይጠብቅ ነበር። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በአባትም በእናትም። ዝምድና ከተገኘ ነገሩ እዚያው ያበቃል። አንድ ሰው ሰባት ትውልድ ወደ ላይ ሲቆጥር በሰባተኛው እርከን ላይ ብቻ 128 ወላጆች ይኖሩታል፤ ያን ሁሉ ያለ ወረቀት የሚያጣሩ ሽማግሌዎች ነበሩን! በቅርብ ዘመዳሞች ጋብቻ ሁለት የተደበቁ ጉድለቶች አንድ ልጅ ላይ እንዳይገናኙ ሳያውቁትም ጠብቀውናል። ቆጠራው ሲያልቅ ድምፅ ዝቅ ይልና ሌላ ጥያቄ ይከተላል፦ «ዘራቸውስ? ሥጋ ደዌ፣ ዝሆኔ የለባቸውም?» ላፍቶ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሰፈሩበት ከቆሬ ሩቅ ስላልሆነ ሥጋ ደዌ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አልነበረም። እግሩ ያበጠ አጎት ያለው ቤተሰብ ደግሞ ሴት ልጁን ለመዳር ይቸገራል፤ እንግዳ ሲመጣ አጎትየው ጓዳ ይገባል።

ሥጋ ደዌ የዘር እንዳልሆነ የታወቀው እነዚያ ሽማግሌዎች ከመወለዳቸው በፊት ነው። ኖርዌያዊው ሐኪም ገርሃርድ አርማወር ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ባክቴሪያውን ያገኘው፣ በገዛ አገሩ ስመ ጥር ሐኪሞች በሽታው በዘር ይወረሳል ብለው በሚያስተምሩበት ጊዜ ነበር። በስሙ የተሰየመው የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም ከ1970 ጀምሮ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከአለርት ሆስፒታል ግቢ ሲሠራ ኖሯል። ከዚያ ግቢ እስከ ሰፈራችን ያለው መንገድ በታክሲ ቅርብ ነው፤ እውቀቱ ግን ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሳይደርስ ብዙ ሰርግ ፈርሷል።

ዝሆኔ ግን ሁለቱንም ወገን በግማሽ ትክክል ያደረገ በሽታ ነው። በደጋችን በብዛት የሚታየው ዓይነት በትል አይመጣም፤ ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ዕድሜ ልክ ከመሄድ ይመጣል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ነገሩን ከአፈሩ ጋር ያገናኘው አገራችን ውስጥ ሠርቶ ነው። ታዲያ አንድ መሬት ላይ በባዶ እግራቸው ከሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች አንዱ አብጦ ሌላው ለምን ደህና ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2012 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በወላይታ ያካሄዱት ጥናት «ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን» ላይ ሲወጣ ምክንያቱን ከሰውነት መከላከያ ዘረመሎች ጋር አያያዘው። ተጋላጭነቱ በእርግጥ በቤተሰብ ይወርዳል። በሽታው ራሱ ግን አፈር ካልነካው አይነሳም። ሽማግሌዎቹ «ዘር ነው» ሲሉ ከነጭራሹ አልተሳሳቱም፤ ልጅቷን ከመከልከል ይልቅ ለአጎቷ በልጅነቱ ጫማ ገዝቶለት የሚያውቅ መኖሩን ቢጠይቁ ግን ይሻል ነበር። ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ ይህኛውን ዘር ጫማ ይገታዋል።

ሌላም የምናላግጥበት አባባል ነበር። «የእኛ ቤት ሰው መድኃኒት አይችልም» ይላሉ ትልልቆቹ፤ ሐኪም የሰጠውን ሽሮፕ በግማሽ ቀንሰው ለልጅ ያጠጣሉ፣ የቀረውን በዝንጅብልና በማር ይሞሉታል። እኛ የተማርነው ልጆች መድኃኒት የሚታዘዘው በሰውነት ክብደት ነው ብለን እንከራከራቸዋለን።

ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመችው ጥናት ክርክሩን መልሶ ይቀሰቅሰዋል። ለሳልና ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ኮዴይን ጉበት ውስጥ ባለ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ይለወጣል። ከተመረመሩት 122 ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ የዚያ ኢንዛይም ዘረመል ትርፍ ቅጂ ነበራቸው፤ በስዊድናውያን ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው ከ100 አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ዘረመሉ ጎላ ወይስ ተደበቀ የሚለው ጥያቄ እዚህ ቦታ የለውም፤ ወሳኙ የቅጂው ቁጥር ነው። ቁጥሩ የበዛለት ሰው በተራ መጠን ከሚገባው በላይ ሞርፊን ያገኛል። መጠኑን የወሰኑት አገሮች የራሳቸውን ሰው አይተው ነው የወሰኑት፤ «የእኛ ቤት ሰው» የሚሉትን አሮጊት የጠየቃቸው የለም።

በቅርቡ ለምርመራ ክሊኒክ ሄጄ የተሰጠኝ ቅጽ ላይ «ከቤተሰብዎ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም ያለበት ሰው አለ?» የሚል ጥያቄ ነበር። እነዚህ በሽታዎች ከብዙ ዘረመሎች ጥቃቅን መዋጮና ከኑሮ ተደባልቀው የሚመጡ ናቸው። ምን ያህል ብዙ ለሚለው የቁመትን ነገር ማየት ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጃ ተሰብስቦ በተሠራ ጥናት ከቁመት ጋር የተያያዙ 12 ሺህ ያህል የዘረመል ልዩነቶች ተቆጥረዋል። ከሰዎቹ አብዛኞቹ የአውሮፓ ዘር ያላቸው ስለሆኑ ስሌቱ ወደ እኛ ሲመጣ ይደክማል። ስለዚህ ሐኪሙ ርካሹንና የሚሻለውን ምርመራ አዘዘ፤ ዘመዶችህን ቁጠር አለኝ።

ስልኬን አንስቼ ወደ አክስቴ ደወልኩ። አያቴ በምን እንደሞቱ ስጠይቃቸው «ምች መትቷቸው ነው» አሉኝ። ወንድማቸውስ? «እሱ ድንገት ነው፤ ማታ በልቶ ተኝቶ አልነቃም።» የአያቴን እህት ቁመትና የጥርሳቸውን ፍንጭት ሳልጠይቃቸው አስረዱኝ፤ በሽታን በሚመለከት ግን ሁሉም ወይ ምች ነው፣ ወይ ድንገት፣ ወይ የሰው ዓይን። ያ ያደነቅሁት መዝገብ መልክን እንጂ ሕመምን አልያዘም ነበር። የእኛ መዝገብ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ የስኳራችንን መጠን ከነነጥቡ እናውቃለን፣ ልጆቻችን ግን የቅድመ አያታቸውን ስም ሲጠየቁ ወደ እኛ ይዞራሉ፣ እኛም ወደ ስልኩ።

የድሮው ችሎት እንዲመለስ አልመኝም። ያለ ማስረጃ የፈረደባቸው እናቶች፣ ጓዳ ያስገባቸው አጎቶች ብዙ ናቸው፤ ለእነሱ ጫማውና የላቦራቶሪ ወረቀቱ ከማንም ምስክርነት ይበልጣል። ነገር ግን ሁለቱም መዝገብ በአንድ ጊዜ በእጁ ያለ ትውልድ ቢኖር የእኛ ነው፤ አክስቶቻችን ገና በሕይወት አሉ፣ ላቦራቶሪውም ከመንገዱ ማዶ ነው። ከሁለቱ በየጊዜው የምንደውለው ወደ ላቦራቶሪው ነው፤ ውጤቱ ደርሶ እንደሆነ ለመጠየቅ።